በአሮጌ ፒካፕ የፊት መስታወት ዙሪያ የሚገባ ውሃ፦ ምንጩን መለየትና መጠገን

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

በእርሻ መሣሪያዎች አያያዝ ሥልጠናችን ስለ ውሃ ፓምፕ፣ ስለ መርጫና ስለ መውቂያ ማሽን ተነጋግረናል። በዚህ ክፍል የምናየው ብዙዎቻችሁ በግል ወይም በቡድን ገዝታችሁ ምርትና ግብዓት የምታመላልሱበትን አሮጌ ፒካፕ ነው። ሞተሩ ሲታመም ወደ ጋራዥ ለመሄድ ማንም አያመነታም። በፊት መስታወቱ ዙሪያ ወደ ጋቢና የሚገባው ውሃ ግን እንደ ቀላል ነገር ይታያል፤ ጨርቅ ወትፎ ክረምቱን ማሳለፍ የተለመደ ሆኗል።

ጉዳቱ ከተሳፋሪ ጉልበት መራስ ያልፋል። ዝናብ ሲመጣ ከኋላ አውርደን ወደ ጋቢና የምናስገባው ውሃ የማይወደውን ዕቃ ነው፤ ምርጥ ዘሩን፣ የተከፈተውን የማዳበሪያ ከረጢት፣ የማኅበሩን ደረሰኝ። ባለፈው ክረምት አንድ አርሶ አደር የስንዴ ዘር እንዳይረጥብበት ብሎ ከወንበሩ ፊት ወለሉ ላይ አስቀምጦ ነበር። ከላይ ሲታይ ከረጢቱ ደረቅ ነው። ውሃው ግን ከመስታወቱ ጥግ ገብቶ፣ በክሩስኮቱ ጀርባ ወርዶ፣ ምንጣፉ ሥር ተኝቷል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከረጢቱ ሲፈታ የታችኛው ዘር አብጦ ማጎንቆል ጀምሯል። በዘር ወቅት መካከል ምትክ ዘር ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለእናንተ አይነገርም።

ማዳበሪያም የራሱ ጣጣ አለው። ዩሪያ እርጥበት ስቦ ይጋገራል። ወለሉ ላይ የተበተነው ብናኝ ደግሞ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል እንደ ጨው ሆኖ ላሜራውን ከተራ ውሃ ይልቅ ፈጥኖ ያዝገዋል። ስለዚህ የሚያፈስ ጋቢና ማዳበሪያ የሚጫንበት ከሆነ የወለሉ ዕድሜ አጭር ነው። (ጸረ ተባይና ጸረ አረም ኬሚካል ግን ጋቢናው ቢያፈስም ባያፈስም ሰው በተቀመጠበት አይጫንም። ይህን ደጋግመን ብለነዋል።)

ምንጩን ሳያገኙ መለጠፍ

ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። በቀኝ በኩል ወለሉ ረጠበ ማለት ቀዳዳው በቀኝ ነው ማለት አይደለም፤ ውሃ የላሜራውን ጠርዝ ተከትሎ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ይህን ሳያጣሩ ከከተማ አንድ ቱቦ ሲሊኮን ገዝቶ መስታወቱን ዙሪያውን መለቅለቅ በየቀበሌው የምናየው አሠራር ነው። አንድ ወር ያህል የዳነ ይመስላል። ነገር ግን ቆሻሻና እርጥበት ባለበት ላይ የተቀባ ሲሊኮን አይዝም፤ ይባስ ብሎ ከጎማው ሥር የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል፣ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው የሲሊኮን ዓይነት ደግሞ ራሱ ብረት ያዝጋል። በእኔ ግምገማ ለመኪናው ከማፍሰሱ ይልቅ ይህ ዓይነቱ ጥገና የበለጠ ይጎዳዋል።

ፍለጋው ከመስታወቱ ሳይሆን ከግርጌው ይጀምራል። ኮፈኑን ክፈቱ። የዝናብ መጥረጊያው ክንድ በሚወጣበት አካባቢ አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉ፤ እዚያ የሚገባው ዝናብ በጎንና በጎን ባለው መውረጃ ወደ መሬት እንዲፈስ ተደርጎ የተሠራ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጭድና አቧራ መውረጃውን ሲደፍኑት ውሃው ሞልቶ ወደ ጋቢና ይገለበጣል፣ ጥፋቱም በመስታወቱ ይሳበባል። ቅጠሉን በእጅ አውጥታችሁ ውሃ አፍስሱበት፤ ከፊት ጎማዎቹ ኋላ መሬት ላይ ከወረደ መንገዱ ክፍት ነው። ባለመኪናው በዚህ ብቻ ከገላገለው ምንም ወጪ የለበትም። ወለሉ ላይ ያለው ፈሳሽ ቅባት ቅባት የሚል፣ ቀለም ያለውና ጣፋጭ ሽታ የሚሸት ከሆነ ደግሞ ዝናብ አይደለም፤ ከሞተር ማቀዝቀዣ ወደ ጋቢና ማሞቂያ የሚሄደው መስመር አፍስሷልና ወደ መካኒክ ይወሰድ።

ከዚህ ቀጥሎ የውሃ ፍተሻው ይደረጋል። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ምንጣፉ ይነሳል፣ የመስታወቱን ጎንና ጎን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ይፈታል፣ አንዱ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል። ሌላው በውጭ ሆኖ በጎማ ቱቦ ወይም በጆግ ቀስ ብሎ ውሃ ያፈሳል። ከታች ጠርዝ ተጀምሮ ወደ ላይ ይኬዳል እንጂ ከላይ አይጀመርም፤ ከላይ የፈሰሰ ውሃ ሁሉንም ስለሚያርስ ቀዳዳውን መለየት አይቻልም። በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። የመኪና ማጠቢያ ኃይለኛ ግፊት አትጠቀሙ፤ ዝናብ የማያስገባውን ሁሉ ያስገባል። ውስጥ ያለው ሰው የጠመኔ ዱቄት ነስንሶ ከሆነ የመጀመሪያዋ ጠብታ መንገዷን አስምራ ትታያለች።

ይህ ካልበቃ ጎሚስታ የተበሳ ከመነዳሪ የሚፈልግበትን ዘዴ ተዋሱ። በውጭ የሳሙና አረፋ ተቀብቶ ከውስጥ በኮምፕረሰር በጠርዙ ላይ አየር ሲነፋ፣ አረፋው በሚያብጥበት ቦታ ቀዳዳው አለ። የተገኘውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት።

ጥገናው

መስታወቱ የተያዘበትን መንገድ አስቀድማችሁ እዩ። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዘው ወፍራም ጥቁር ጎማ ነው። በኋላ በመጡት ላይ መስታወቱ በማጣበቂያ ከላሜራው ጋር የተጣበቀ ነው፤ ይህኛውን መንቀልና መልሶ መለጠፍ የባለሙያ ሥራ ስለሆነ በቤት አይሞከርም። ከተለጠፈ በኋላም በማጣበቂያው ላይ የተጻፈው ሰዓት ሳይሞላ መኪናው አይነዳም፣ በር በኃይል አይዘጋም።

ጎማ ባለው መኪና ላይ ውሃ የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው፤ በመስታወቱና በጎማው መካከል ወይም በጎማውና በላሜራው መካከል። ጎማው አሁንም የሚለጠጥ ከሆነ ምልክት የተደረገበትን ከንፈሩን በደነዘ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ጫፍ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። በካቻቢቴ መፈልቀቅ ጎማውን ይቀደዋል፣ የመስታወቱን ጠርዝም ይሰነጥቃል። ውስጡ ተጠርጎ በደንብ ከደረቀ በኋላ ለመኪና መስታወት ጎማ ተብሎ የሚሸጠው የማይጠጥር ጥቁር መሙያ ይገባበታል። የማይጠጥር መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ በኮረኮንች መንገድ ላይ ጋቢናው ስለሚወዛወዝ ደርቆ የሚጠጥረው ቶሎ ይሰነጠቃል።

ጎማው በፀሐይ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ግን መሙያ አያድነውም፤ ይቀየራል። መስታወቱ የሚወጣው ያኔ ስለሆነ ዋናውን ሥራ የምንሠራበት አጋጣሚም ይኸው ነው። ውሃ የሚቋጥረው የታችኛው ጥግ ብዙውን ጊዜ ዝጎ ይገኛል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፍቁ፣ ጸረ ዝገት ቀለም ቀቡ፣ በላዩ የመኪና ቀለም ጨምሩና ጨርሶ እስኪደርቅ ጠብቁ። የተበሳ ካለ መስታወቱ ከወጣ በኋላ ይበየዳል። ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ ማለፍ ዋጋ የለውም።

አዲሱ ጎማ መጀመሪያ ለመስታወቱ ይለበሳል። ላሜራው በሚገባበት ቦይ ውስጥ ቀጭን የናይለን ገመድ ዙሪያውን ይገባና ሁለቱ ጫፎች ከታች መሃል ላይ ተደራርበው ወደ ጋቢናው ይወጣሉ። ቦዩ በሳሙና ውሃ ይለሰልሳል። አንዱ ከውጭ በመዳፉ ሲገፋ ሌላው ከውስጥ ገመዱን ቀስ ብሎ ይስባል፣ የጎማው ከንፈርም ገመዱን ተከትሎ ላሜራውን ይጎርሳል። መስታወቱ ከባድና ጠርዙ ስስ ስለሆነ ጓንት ይደረግ።

ጎማ እንዲያበራ ተብሎ በናፍጣ ወይም በተቃጠለ ዘይት መወልወል ይቅር፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል።

የመስክ ልምምድ

ይህ ሥራ በደረቅ ወቅት፣ በመኸር አካባቢዎች ቢዘገይ እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ መጠናቀቅ አለበት። እያንዳንዱ ቡድን አንድ የሚያፈስ ፒካፕ ይዞ ይመጣል። የዕለቱ ተግባር መለጠፍ ሳይሆን ከላይ በተገለጸው ቅደም ተከተል ፈትሾ ምልክት ማድረግ ነው፤ ስለዚህ ጆግ፣ ጠመኔ፣ ባትሪና ሳሙና በቂ ናቸው። ምንጣፉን ከቤት አንስታችሁ ኑ፤ ሥሩ ያለው ስፖንጅ ከረጠበ ለብቻው ይሰጣ፣ የወለሉን የጎማ ቡሾችም ነቅላችሁ የተጠራቀመውን ውሃ አፍስሱ።