ነጭ ጭስ የበዛበት አሮጌ ሞተር ሳይክል

ጥያቄ፦ በሐርተሼክ የስደተኞች ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት አባቴ የተዉልኝ አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 አለኝ። ጣቢያው በ1996 ዓ.ም. ከተዘጋ በኋላም እስከ ጅግጅጋ ሲያመላልሰን ቆይቷል። አሁን ነጭ ጭስ አብዝቷል፤ ሲሞቅም ጉልበት ያጣል። ሞተሩን ላስወርደው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን ከቤንዚን ጋር አብሮ ስለሚያቃጥል ጥቂት ጭስ ጤናው ነው። የበዛው ግን ምንጩ መታወቅ አለበት። በቅድሚያ የካምቢዮውን ዘይት ይለኩ። ወደ ውጭ ሳይንጠባጠብ ከቀነሰ፣ በፍሪሲዮን በኩል ያለው የኮሎው ፓራኦሊ አርጅቶ ሞተሩ ዘይቱን እየሳበው ነው። እንዲህ ከሆነ ፒስቶኑንና ሲሊንደሩን መንካት አያስፈልግም። ብዙ ባለቤቶች በዚህች አንዲት ጎማ ምክንያት ሙሉ ፒስቶን ያስቀይራሉ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ቀጥሎ ካንዴላውን ፈትተው ቀለሙን ይዩ። የተቆላ ቡና ከመሰለ መልካም ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል፤ በእናንተ አቧራ የአየር ማጣሪያው ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ከነጣ ግን አይንዱት፤ የማይፈለግ አየር እየገባ ሊሆን ስለሚችል ፒስቶኑ ይነክሳል።

ጉልበቱን በተመለከተ፣ ሲሞቅ የማስነሻው ፔዳል ሲቀዘቅዝ ከነበረው በግልጽ ከላላ ፋሻው አልቋል። ካልላላ ማርሚታው በጥቀርሻ ተደፍኖ እንደሆነ ይፈትሹ።

እስከዚያው ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለውን ዘይት ገንዳ ሳያዩ ወደ ጅግጅጋ እንዳይነሱ አደራ።