ሚዛኑም ምድሩም አማና ነው

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርንና ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ ብርዱን ከኋላው ትቶ ወደ ይፋት ቆላ ሲገባ የሚያገኛት ከተማ ሸዋ ሮቢት ናት። በመስኖ ወራት የአስፋልቱ ዳርና ዳር በሽንኩርት ክምር ይቀላል። በአንድ የመጋቢት ማለዳ ማሳ ዳር ቆሜ ጭነት ስመለከት፣ በዕድሜ የገፉ አንድ ገበሬ አጠገቤ ቁጭ ብለው ሽንኩርታቸው በሰው እጅ ሲሞላ ያያሉ። ጆንያው ከሞላ በኋላ አናቱ ላይ ሌላ ቁልል ይጨመርበትና በገመድ ይወጠራል። ይህም “አንድ ኩንታል” ተብሎ ይቆጠራል። ሚዛን በአካባቢው አላየሁም።

“አባቴ፣ ዋጋውን ማን ቆረጠው?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ ዋጋውማ እኔ ሳልነቃ ተቆርጦ አደረ። ደላላው ማታ በስልክ ጨርሶታል።”

“ለሌላ ነጋዴ ለምን አይሸጡም?”

“መኪና የሚያስገባው እሱ ነው። እሱ ያላመጣው መኪና ከዚህ አይጭንም። ሽንኩርት ደግሞ እንደ ማሽላ ጎተራ ገብቶ አይጠብቅም።”

ከማሳው ወዲያ የውሃ መሳቢያ ሞተር ይጮኻል። ቀንም ሌትም እንደሚሠራ ነገሩኝ። “ወንዙ እየቀጠነ አይደለም ወይ?” ስላቸው የሰጡኝን መልስ እስካሁን አልረሳሁትም። “ቀጥኗል እንጂ! ግን ጎረቤቴ እየሳበ እኔ ብተው ውሃው ለእሱ ይሆናል እንጂ ለወንዙ አይተርፍም” አሉኝ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ እኚህ አባት ያነሡት ጉዳይ አንድ ነው ወይስ ሁለት? በዘመኑ አሠራር የገበያው ነገር ለንግድ መሥሪያ ቤት፣ የውሃውና የአፈሩ ነገር ደግሞ ለሌላ መሥሪያ ቤት ተከፋፍሎ ተሰጥቷል። በዲናችን ግን ሁለቱ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው።

የነቢዩ ሹዐይብ ትምህርት

በሱረቱል አዕራፍ 85ኛው አንቀጽ ነቢዩ ሹዐይብ (ዐ.ሰ.) የመድየንን ሰዎች አላህን እንዲገዙ ከጠሩ በኋላ ያስከተሉትን ምክር እናስተውል። ስፍርና ሚዛንን እንዲሞሉ፣ የሰዎችን ሐቅ እንዳያጎድሉ፣ ምድርንም ከተስተካከለች በኋላ እንዳያበላሹ አዘዟቸው። የሚዛኑ ትእዛዝና የምድሩ ትእዛዝ ጎን ለጎን መቆማቸው ያለ ነገር አይደለም። በርግጥ ሙፈሲሮች በዚህ ቦታ የተጠቀሰው ብልሽት ከሁሉ በፊት ኩፍርና ወንጀል መሆኑን ያስረዳሉ። ነገር ግን ውሃን ማድረቅና አፈርን በመርዝ ማበላሸት ከዚህ ቃል ውጭ ነው የሚል ሰው ማስረጃ ማምጣት ይኖርበታል።

በሸዋ ሮቢት ያየሁትም ይህንኑ ነው። ገበሬው በሚዛን የተቀማውን ከመሬቱ አውጥቶ ለማካካስ ይገደዳል። ዋጋው ሲወርድበት ሞተሩን ያስረዝማል፤ አፈሩን ሳያሳርፍ ሽንኩርት በሽንኩርት ላይ ይተክላል፤ ትሪፕስ የሚባለው ተባይ እንዳያከስረውም የመርጨቱን ቁጥር ያበዛል። የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚወርዱ በመሆናቸው፣ እዚህ የጎደለው ውሃ እታች ባለው የአፋር ወንድማችን ከብት ላይ ይጎድላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን አስተምረዋል። ተጋሪ ደግሞ የተጋሪውን ድርሻ አያደርቅም።

ፊቅህ ስለ ገበያ ምን ይላል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የገጠር ሰው ሸቀጡን ይዞ ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል። ሙስሊም በዘገቡት መሠረት እንዲህ የተሸጠበት ሰው ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ሽያጩን የማፍረስ ምርጫ አለው። ፍሬም መድረሱ ሳይታወቅ እንዳይሸጥ ከልክለዋል፤ አላህ ፍሬውን ቢያስቀረው ገዢው የወንድሙን ገንዘብ በምን ሐቅ ይበላል ሲሉ ምክንያቱን አስረድተዋል። ፉቀሃዎች እንኳን በአጠቃላይ ስለ ፍሬ፣ በአፈር ውስጥ ስለተሸሸገ ሽንኩርትና ካሮት ሽያጭም ተከራክረዋል። ሻፊዒዮች ያልታየ ነገር ነው ብለው ሲከለክሉ፣ ማሊኮች ባለሙያ ከቅጠሉ ገምቶ ያውቀዋል በማለት ፈቅደዋል። ዛሬ ሽንኩርቱን በቁሙ የሚሸጥ የይፋት ገበሬ የቆመው በዚሁ ጥንታዊ ክርክር መካከል ነው።

ኢብን ተይሚያ ስለ ሒስባ በጻፉት ኪታብ፣ ኢማም አቡ ሐኒፋና ባልደረቦቻቸው ርስት እያካፈሉ ዋጋ የሚቀበሉ ሰዎች ተሻርከው እንዳይሠሩ መከልከላቸውን ያወሳሉ። ምክንያቱም ከተሻረኩ ሕዝቡ ሲቸግረው ዋጋ ያስወድዱበታል። ዛሬ የውድድር ሕግ የሚባለው ነገር ፍሬው ይኸው ነው። ኢብን ተይሚያ በ1328 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ ይፋት የወላስማዎች ሱልጣኔት ነበረች። በዚያው ክፍለ ዘመን የኖረው አል-ዑመሪም የሐበሻን ሰባት ሙስሊም ግዛቶች ሲዘረዝር ይፋትን ጠቅሷታል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለይፋት እንግዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሁሉን ደላላ ማውገዝ ፍትሕ አይሆንም። ገበያ የሚያውቅ፣ ገዢን ከሻጭ የሚያገናኝ ሰው ለድካሙ ዋጋ አለው። ሐራሙ መንገዱን ዘግቶ ሌላ ገዢ እንዳይገባ ማድረግ ነው።

የአገራችን ሕግና የቀረው ሥራ

በአገራችን የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329 በ1995፣ አዋጅ ቁጥር 685 በ2002፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ወጡ። የመጨረሻው አዋጅ በገበያ የበላይነት ያለአግባብ መጠቀምን፣ በዋጋ ላይ መመሳጠርንና ሸቀጥ መደበቅን ከልክሎ ከዓመታዊ ሽያጭ እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ቅጣት አስቀመጠ። ባለሥልጣኑ በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ሥልጣኑ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛወረ።

የቁጥጥሩ ዓይን ግን ከሁሉ በላይ የሚያርፈው በከተማው ሱቅ ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲጥል ስኳርና ዘይት እንዴት እንደጠፉ እናስታውሳለን፤ በወራት ውስጥ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዋጋ እንዲተምኑ ሲጠየቁ ማንንም በድለው ከጌታቸው ጋር መገናኘት እንደማይሹ ገልጸው እምቢ ማለታቸው ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው። ዑለማዎች ግን ለይተው አስረድተዋል። ዋጋው የናረው ከእጥረት ከሆነ ነጋዴው አይገደድም፤ ከተንኮልና ከመመሳጠር ከሆነ ግን ሹም ጣልቃ ይገባል። ለመሆኑ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከ100 ብር በላይ ሲሸጥ የትኛው ነበር? ይህን ለመመለስ ተቆጣጣሪው ማሳ ዳር ድረስ መውረድ አለበት። ማሾ በምርት ገበያ በኩል ዋጋው በአደባባይ ሲሰማ፣ ሽንኩርት ግን በስልክ ሹክሹክታ ይሸጣል።

ሁለተኛው ሥራ ስምምነትን ከስምምነት መለየት ነው። በሆላንድ ሱፐርማርኬቶች፣ ዶሮ አርቢዎችና አራጆች የዶሮ አረባቡን ለማሻሻል ተስማምተው ነበር። የአገሪቱ የውድድር ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. ስምምነቱ ውድድርን ይገድባል አለ። የአውሮፓ ኅብረት ግን በ2021 እ.ኤ.አ. ደንቡን አሻሽሎ፣ ገበሬዎች ሕግ ከሚያስገድዳቸው በላይ ውሃንና አፈርን ለመጠበቅ ወይም ፀረ ተባይን ለመቀነስ የሚያደርጉት ስምምነት ከአስፈላጊው በላይ ውድድርን እስካልገደበ ድረስ እንዲፈቀድ አደረገ። ቀደም ሲል በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም ትልቁ ገዢ ለሚበላሽ ምርት ክፍያ ከ30 ቀን በላይ እንዳያዘገይ ከልክሎ ነበር።

በእኛ የ2006 አዋጅ የተስማሙ ወገኖች የሚድኑት የቴክኖሎጂ፣ የቅልጥፍና ወይም ውድድርን የሚያጠናክር ጥቅም ሲያስረዱ ነው፤ ውሃና አፈር በስማቸው አልተጠቀሱም። እንግዲህ የሸዋ ሮቢት ገበሬዎች በተራ ለመሳብ፣ መሬት ለማሳረፍና መርጨትን ለመቀነስ ቢስማሙ፣ ምርቱም ጥቂት ቢቀንስ፣ መመሳጠር ሊባል ነውን? አይገባም። እንደኔ አስተያየት ሕጉ ይህን በግልጽ ሊፈቅድ፣ መኪና የሚያስቆመውን የደላሎች ስምምነት ግን በግልጽ ሊቀጣ ይገባዋል። እኚያ አባት “እኔ ብተው ለወንዙ አይተርፍም” ያሉት ብቻቸውን ስለሆኑ ነው። ስምምነት ሲኖር ይተርፋል።

እኛስ?

በከተማ የምንኖር ሙስሊሞች ከዚህ ሰንሰለት ውጭ አይደለንም። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር ሚዛኑን ይዘው ከተከተሉት ነጋዴዎች ወንድሞቻችን ይገኙበታል። ለእነሱ የምለው ይህን ነው፦ ከሶላት በኋላ የሚነሣው ሚዛን የሶላቱ ምስክር ነው። ማሳ ላይ የሚጨመረውን ቁልል ተዉ፤ በሚዛን ግዙ፤ የገበሬውንም ገንዘብ በዕለቱ ክፈሉ። ኢማሞቻችንም በጁሙዓ ኹጥባቸው ሱረቱል ሙጠፊፊንን ሲያነሡ የሱቁን ኪሎ ብቻ ሳይሆን የማሳውን ጆንያም ያስታውሱን። እኛ ሸማቾችም ሽንኩርት ሲረክስ አልሐምዱሊላህ ከማለታችን በፊት ርካሽነቱ ከማን ጉሮሮ እንደተወሰደ እንጠይቅ።

አላህ (ሱ.ወ.) የሰውን ሐቅ ከመብላት ይጠብቀን፤ የይፋትን ወንዞችና የገበሬዎቿን ላብ ይባርክ። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።