ብረትና ኮንክሪትን ስለሚያያይዘው ችንካር

በመካነ ሰላም ዙሪያ ላለ ተማሪ የድልድይን ጥቅም ክረምት ያስተምረዋል። እኔም ወንዝ ሞልቶብኝ ሁለት ቀን ከትምህርት ስለ ቀረሁ የድልድይን አሠራር ለማወቅ ጓጓሁ።

አንዳንድ ድልድይ ከሥሩ የብረት አግዳሚ፥ ከላዩ የኮንክሪት ንጣፍ አለው። ሁለቱ ካልተያያዙ ግን ጭነት ሲመጣ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ይህንኑ ለማየት ሁለት እኩል ጣውላዎች ደራርቤ በሁለት ድንጋዮች ላይ አጋደምሁና መካከላቸውን ተጫንሁ፤ ጎበጡ፥ ጫፋቸውም ተዛነፈ። በምስማር ካያያዝኋቸው በኋላ ጕብጠቱ ወደ ግማሽ ወረደ። ፍጹም ተጣብቀው ቢሆን ወደ ሩብ በወረደ ነበር፤ ነገር ግን ምስማሩ ጥቂት ይለቃል። (አባቴ ስለ ጣውላው አልተደሰቱም።)

በእውነተኛው ሥራ የምስማሩን ቦታ የሚይዘው በብረቱ ላይ የተበየደ፥ ኮንክሪቱ እንዳይነሣ ራሱ ሰፋ ያለ ችንካር ነው። ሲፈተን አጭር አግዳሚ ይቆምና በሁለት ጎኑ ኮንክሪት ይሞላል፤ ከጠነከረ በኋላ መኪና ብረቱን ቍልቍል ይገፋዋል። አስቀድሞ ይሰብረዋል ተብሎ ከተገመተው ጭነት ከ5 እስከ 40 በመቶ ባለው መካከል 25 ጊዜ ይመላለሳል፤ ከዚያ እስኪሰበር ይጨመርበታል፤ ይኸውም ከ15 ደቂቃ በታች መሆን የለበትም። ውፍረቱ 19 ሚሊሜትር የሆነ ችንካር በጠንካራ ኮንክሪት ውስጥ 10 ቶን ያህል ይችላል።

እኔን የገረመኝ ግን ጥንካሬ ብቻውን አለመብቃቱ ነው። ችንካሩ ሳይበጠስ 6 ሚሊሜትር ያህል መንሸራተት አለበት፤ አለዚያ ጭነቱን ለጎረቤቱ ሳያካፍል ይቈረጣል። አገራችንም ለሕንፃ የሚሆን የዚህን ሥራ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1995 አውጥታለች።

አባቴ ከፈቀዱልኝ ምስማሩን እጥፍ አድርጌ እንደ ገና እሞክራለሁ።