«ጀማሪ» ወይስ «አፍቃሪ»? አማተር ቴአትርና የተመልካች አፈጣጠር በኢትዮጵያ

መግቢያ

የታዋቂ ተዋንያን የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ይመጣል፤ ከያኒው ጥበቡን የጀመረው በትምህርት ቤት ክበብ ወይም በቀበሌ ኪነት ቡድን ነው የሚል። አባባሉ እውነት ቢሆንም አማተር ቴአትርን የሚያየው እንደ መወጣጫ መሰላል ብቻ ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ ካለፉት ወጣቶች መካከል የቴአትር ቤት ተቀጣሪ የሚሆኑት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት የት እንደ ደረሱና ለቴአትሩ ምን እንደ ሆኑለት ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይህ አጭር ጽሑፍ አማተር ቴአትር ተዋናይን የሚያፈራውን ያህል ተመልካችንም እንደሚያፈራ፣ ስለዚህም ባፈራው የባለሙያ ቁጥር ብቻ ሊመዘን እንደማይገባ ይከራከራል።

የቃሉ ጉዳይ

«አማተር» በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ቃል ሲሆን ሥርወ ትርጉሙ «አፍቃሪ» ነው። በአማርኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚተካው «ጀማሪ» በሚለው ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጀማሪ መድረሻ የተቆረጠለት መንገደኛ ነውና ካልደረሰ እንዳልተሳካለት ይቆጠራል። አፍቃሪ ግን የሚወደውን በመሥራቱ ብቻ ጉዳዩ የተሟላ ነው። አማርኛ ቴአትር ቤት የሚያዘወትረውንም ሰው «የቴአትር አፍቃሪ» ይለዋል። በሥርወ ቃሉ ከሄድን እንግዲህ ያለ ደመወዝ የሚጫወተውና ትኬት ቆርጦ የሚያየው አንድ ስም ይጋራሉ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ መነሻም በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና ነው።

ታሪካዊ ዳራ

የዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር አጀማመር ራሱ አማተር ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው የጻፉት የአውሬዎች ኮሜዲያ በ1910ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ለመኳንንቱ ሲታይ በአገሪቱ ሙያዊ የተዋንያን ቡድን አልነበረም። ተውኔቱ የአስተዳደሩን ብልሹነት በመንቀፉ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከ1923 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በኋላ ቴአትር ሲያንሠራራ መጠለያ ያገኘው በትምህርት ቤቶች ነው። እንደ ዮፍታሔ ንጉሤ ያሉ መምህራን ይጽፋሉ፤ ተማሪዎቻቸው ይጫወታሉ፤ ሴት ገጸ ባሕርያትን ሳይቀር ወንዶች ይወክላሉ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ሲነሣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ሕዝብን ለመቀስቀስ የተቋቋመ ማኅበር እንጂ ቴአትር ቤት አልነበረም።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሥራ መጀመሩ፣ ኋላም በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቴአትር ጥበባት ትምህርት መከፈቱ ሙያውን ደመወዝና ዲግሪ ያለው አደረጉት። አማተሩ ግን አልጠፋም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በቀበሌ፣ በፋብሪካና በገበሬ ማኅበር የኪነት ቡድኖች ተደራጁ። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ብዙዎቹ ተበተኑ፤ ከአባላቱ ከፊሎቹ በራሳቸው ክበብ አቋቋሙ። በ1990ዎቹ ደግሞ ስለ ኤች አይ ቪ ኤድስ ለማስተማር በየትምህርት ቤቱና በየሠፈሩ የሚታዩ አጫጭር ድራማዎች በመንግሥታዊ ተቋማትና በረድኤት ድርጅቶች ድጋፍ ተስፋፉ።

ልምምድ እንደ ተመልካችነት ትምህርት

ይህ ታሪክ አንድ ጥያቄ ያስከትላል። ከእነዚህ ቡድኖች ያለፈና ኋላ መምህር፣ ነጋዴ ወይም ነርስ የሆነ ሰው ከልምምዱ ይዞት የሚወጣው ምንድን ነው? ቃለ ተውኔት ማጥናት ንግግር የት እንደሚጠብቅና የት እንደሚላላ ያስተምራል። በመድረክ ላይ ዝም ብሎ መቆም ከመናገር ይልቅ እንደሚከብድ የሚያውቅ፣ ቆሞ ያየው ነው። መጋረጃ ጎታችና ቃል አስታዋሽ ሆኖ የሠራም ሰው አንድ ትዕይንት የስንት ሰው ድካም እንደሆነ ይረዳል። ይህን ያለፈ ሰው ኋላ ቴአትር ቤት ሲገባ የሚያየው ታሪኩን ብቻ አይደለም፤ አዘጋጁ የመረጠውን፣ ተዋናዩ የሳተውንም ያያል።

ትምህርቱ ከአባላቱ አልፎ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። በቀበሌ አዳራሽ የሚቀመጠው ታዳሚ ቤተ ዘመድና የሠፈር ሰው ነው። መድረክ ላይ ጭካኔን የሚጫወተውን ወጣት ትናንት በመንገድ ሰላም ብሎታል። «ይሄ የእገሌ ልጅ አይደለም እንዴ?» እያለ በአንድ ጊዜ የሚያውቀውን ልጅና የማያውቀውን ገጸ ባሕርይ ያያል። ሰውየውንና የተላበሰውን ሰው ለይቶ፣ ሁለቱንም ይዞ ማየት የተመልካችነት መሠረት ነው። ቋሚ የቴአትር መርሐ ግብር ያላቸው ቤቶች በዋናነት አዲስ አበባ ላይ በተከማቹበት አገር ደግሞ ለብዙ ሰው የመጀመሪያው የመድረክ ተውኔት የጎረቤቱ ልጅ የተጫወተው ነው።

የደጋፊው ጥያቄ

ተመልካች የማፍራቱ ሥራ ግን በቀላሉ ይቋረጣል። ከላይ የታዩት ዘመናት የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ አማተሩ ከሌላ አካል መልእክት ተቀብሎ አዳራሽና ወጪ ያገኝ ነበር። በኪነት ዘመን መልእክቱ ርዕዮተ ዓለም፣ በኋላ ደግሞ ጤና ነበር። ድጋፉ መለማመጃ ቦታና ተመልካች አስገኝቷልና ሊናቅ አይገባም። ሆኖም ታዳሚው በነፃ ተጠርቶ እንዲማር እንጂ መርጦ እንዲመጣ ካልተደረገ፣ ደጋፊው ሲሄድ ቡድኑም ተመልካቹም አብረው ይበተናሉ። ተዋናይን ብቻ የሚቆጥር ምዘና ይህን ኪሳራ አያየውም፤ ሁለት ሦስት ታዋቂ ሰዎች ከወጡለት ቡድኑን «ውጤታማ» ይለዋልና።

በዚህ መከራከሪያ ላይ ሁለት ተገቢ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው በኪነት ዘመን አባልነት ሁልጊዜ በፈቃድ አልነበረም፤ ግዳጅም አፍቃሪን ሳይሆን ሸሺን ሊያፈራ ይችላል የሚል ነው። ሁለተኛው የምክንያትና የውጤት ጥያቄ ነው፤ ክበቡ አፍቃሪን ፈጠረ ወይስ ቀድሞ አፍቃሪ የነበረው ክበቡን መረጠ? ሁለቱም በክርክር ሳይሆን በመስክ ጥናት የሚፈቱ ናቸው። በተለይ በግዳጅና በፈቃድ የገቡትን አባላት የኋላ የቴአትር ልማድ ማነጻጸር ለሁለቱም ጥያቄዎች ብርሃን ይሰጣል።

ማጠቃለያ

ስለዚህ በአማተር ቴአትር ላይ የሚደረግ ጥናት ከታዋቂዎቹ ባሻገር ባለሙያ ያልሆኑትን የቀድሞ አባላት ቃል ሊሰበስብ ይገባል። ሥራው ጊዜ አይሰጥም። የኪነት ዘመን ወጣቶች ዛሬ በጡረታ ዕድሜ ወይም በዋዜማው ላይ ናቸው፤ በእጅ የተገለበጡ የተውኔት ቅጂዎችም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ እያረጁ ነው። ለምዘናም ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ቡድኑ ደጋፊው ከሄደ በኋላ ቀጠለ ወይ? የሠፈሩ ሰው ሳይጠራ መምጣት ጀመረ ወይ? የቀድሞ አባላቱ ዛሬም ቴአትር ያያሉ ወይ? የእነዚህ መልስ «አዎን» ከሆነ፣ ቡድኑ አንድም ተዋናይ ለትልቁ መድረክ ባያበረክት እንኳ ሥራውን ሠርቷል።