መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩም አብሮ ከጠፋ፦ ሌላ ዩፒኤስ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ኃይለኛ ግራፊክስ ካርድ በተገጠመለት ኮምፒውተር የሚሠሩ አርክቴክቶች፣ ቪዲዮ ኤዲተሮች፣ አኒሜተሮችና ጌም ወዳዶች የሚጋሩት አንድ ቅሬታ አለ፤ “ዩፒኤስ አለኝ፤ ግን መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩም አብሮ ድርግም ይላል።” ወዲያው የሚሰጣቸው ምክር ደግሞ “ተለቅ ያለ ግዛ” የሚል ነው። ምክሩ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ባትሪ በመቀየር ወይም አንድ ቅንብር በማስተካከል የሚያልቀውን ነገር ወደ ትልቅ ወጪ ይወስደዋል፤ ይባስ ብሎ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች በተራ ይፈትሹ። ገንዘብ የማያስወጡት ቀድመዋል።

1. የጠፋው የትኛው ነው?

ክፍሉ በአንዴ ስለሚጨልም ሰው የሚያስታውሰው “ጠፋ” የሚለውን ብቻ ነው። መልሱ ያለው ግን በአጠፋፉ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጆሮዎንና ዓይንዎን ዩፒኤሱ ላይ ያድርጉ፦

– ዩፒኤሱ ሳይቆራረጥ ጮኾ ወዲያው ራሱ ከጠፋ፣ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል።
– ዩፒኤሱ በርቶ “ጢጥ… ጢጥ…” እያለ፣ ስክሪኑም እየሠራ፣ ሲፒዩው ብቻ ከጠፋ ወይም ሪስታርት ካደረገ፣ ዩፒኤሱና የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ አልተግባቡም።
– አንድ ሁለት ደቂቃ ይዞ ከጠፋ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው።
– ዊንዶውስ ፕሮግራሞቹን ዘግቶ በሥርዓት ከጠፋ፣ ያጠፋው ቅንብር ነው።

ዊንዶውስ ራሱም ምስክር ይሆናል። ኢቨንት ቪወርን ከፍተው ሲስተም የሚለውን መዝገብ ይዩ። በዚያ ሰዓት ከርነል ፓወር 41 ወይም 6008 ተመዝግቦ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሳያስበው ኤሌክትሪክ ተቋርጦበታል። 1074 ከሆነ ግን “ጥፋ” ብሎ ያዘዘው ፕሮግራም ወይም ሰው አለ። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ከተገናኘ፣ ባትሪው ዝቅ ሲል እንዲያጠፋ የታዘዘው ስንት ፐርሰንት ላይ እንደሆነ ይመልከቱ። ልኩ ያለቅጥ ከፍ ካለ፣ ጤነኛ ዩፒኤስ በከንቱ ሲታማ ይኖራል።

2. የተሰካው የት ነው?

አንዳንድ ዩፒኤሶች ላይ ከሶኬቶቹ ግማሾቹ ከባትሪው ጋር አልተያያዙም፤ ከድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይ ብቻ ይከላከላሉ። ሲፒዩው እዚያ ከተሰካ መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል። ዩፒኤሱን ገልብጠው በየሶኬቱ አጠገብ የተጻፈውን ያንብቡ።

ከዩፒኤሱ በዲቫይደር የተጎተተውንም ሁሉ ይቁጠሩ። ሌዘር ፕሪንተር ካለ ዛሬውኑ ያውጡት። ሮለሩን ለማሞቅ ብቻ ብዙ መቶ ዋት፣ አንዳንዱም ከሺህ በላይ ይስባል። ስፒከርና ስልክ ቻርጀር ቀላል ቢሆኑም እዚያ ላይ የሚያቆያቸው ምክንያት የለም። ሲፒዩ፣ አንድ ስክሪንና የኢንተርኔት ራውተር ይበቃሉ።

3. በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ዋት አይደለም

ሻጭና ገዢ የሚነጋገሩት በቪኤ ነው፤ “650 ነው”፣ “1200 ነው” ይባባላሉ። ኮምፒውተርዎ የሚስበው ግን ዋት ነው፤ የዩፒኤሱ ዋት ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከቪኤው ያንሳል። 650 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ 360 ወይም 390 ዋት፣ 1200 ቪኤ የሚለው ከ600 እስከ 720 ዋት፣ 1500 ቪኤ የሚለው ደግሞ 900 ዋት አካባቢ ነው። እውነተኛው ቁጥር ከጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ በትንሹ ተጽፎ ያገኙታል።

አሁን የኮምፒውተሩን ፍላጎት እንደምር። ጂፎርስ አርቲኤክስ 3080 ግራፊክስ ካርድ 320 ዋት ይስባል። ኢንቴል ኮር አይ9 13900ኬ ፕሮሰሰር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ 253 ዋት ይደርሳል። ለማዘርቦርድ፣ ለሚሞሪ፣ ለዲስክና ለፋን 60 ዋት ያክሉ፤ ድምሩ 633 ይሆናል። ፓወር ሰፕላዩ ከሚስበው አንድ አሥረኛ ያህሉን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ፣ ከግድግዳው የሚሳበው ወደ 700 ዋት ይጠጋል። ስክሪኑ 40 ቢጨምር 740 ደረስን ማለት ነው። ይህ ኮምፒውተር “1200” የተባለውን ዩፒኤስ ሙሉ ሥራ ላይ እያለ ይጥለዋል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ዘመናዊ ግራፊክስ ካርድ ከሰከንድ እጅግ ላነሰች ቅጽበት ከተመደበለት በላይ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው መስፈርት፣ ፓወር ሰፕላይ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ ከአቅሙ እጥፍ እንዲሸከም ያስገደደው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ከፍተኛ ፍጆታ ከዩፒኤሱ ዋት ሦስት አራተኛ እንዳያልፍ ያድርጉ። ለምሳሌያችን 1000 ዋት ያህል የሚሰጥ ዩፒኤስ ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ 850 ዋት ስለተጻፈ ኮምፒውተሩ 850 ዋት ይስባል ማለት አይደለም። ያ የመቻሉ ጣሪያ ነው። ግድግዳና ገመድ መካከል የሚሰካ ዋት መለኪያ ካገኙ ግምቱ ሁሉ ያበቃል።

4. ሲሞክሩት ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ነበር?

ሱቅ ውስጥ ወይም ቤት እንደገባ የሚደረገው ሙከራ ያታልላል። ኮምፒውተሩ ምንም ሳይሠራ 100 ዋት አካባቢ ነው የሚፈልገው፤ ሶኬቱ ሲነቀል ዩፒኤሱ ያለ ችግር ይይዘዋል። ሬንደር ላይ እያለ ግን ያው ዩፒኤስ ሰባት እጥፍ ተጭኖበታል።

ሙከራውን በሦስት ደረጃ ያድርጉት። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ነቅለው ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል ብቻ ይሰኩ። አምፖሉን እንኳ መያዝ ካቃተው ባትሪው ወይም ዩፒኤሱ ራሱ ታሟል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ያለ ሥራ፣ በመጨረሻም ሥራዎን ሴቭ አድርገው ሬንደር እያስኬዱ ይሞክሩ። መብራቱን ለማቋረጥ የዩፒኤሱን ገመድ አይንቀሉ፤ ግራውንዱም አብሮ ይነቀላል። ብሬከሩን ያውርዱ።

ሦስተኛው ላይ ብቻ ከወደቀ ገና ወጪ አያስፈልግም። እንደ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ባለ ፕሮግራም የግራፊክስ ካርዱን የዋት ጣሪያ ወደ 75 ፐርሰንት ዝቅ ያድርጉ። 320 የነበረው 240 ይሆናል። ፍጥነቱ የሚቀንሰው ግን ዋቱ በቀነሰበት ልክ አይደለም፤ ከዚያ በጣም ያንሳል። በጌም ላይም የፍሬም ብዛትን መገደብ ተመሳሳይ ፋታ ይሰጣል።

5. ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው?

አብዛኛው የቤት ዩፒኤስ የሚይዘው የታሸገ ሊድ አሲድ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ይህም በ25 ዲግሪ አካባቢ ሲቀመጥ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ጠረጴዛ ሥር፣ ከሲፒዩው ሙቅ አየር ፊት ለፊት የተሸጎጠ ዩፒኤስ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል።

ስለ ዕድሜው ብቻ ሳይሆን ስለ ልኩም ይጠይቁ። “12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት” የሚለው ባትሪ ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት ነው፤ በወረቀት 300 ዋት ጭነትን ከ16 ደቂቃ በላይ የሚይዝ ይመስላል። ነገር ግን 7 የሚለው ቁጥር የተለካው ባትሪው 0.35 አምፒር ብቻ እየሰጠ በ20 ሰዓት ሲራገፍ ነው። 300 ዋት ሲጠየቅ ወደ 30 አምፒር መስጠት አለበት፤ እንዲህ ሲጨነቅ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ ሲያረጅ ደግሞ ሴኮንዶች።

በመልቲሜትር ሲለካም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያረፈ ባትሪ 12.7 ቮልት ስላሳየ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ተቀምጦ ሲያወራ ደህና መስሎ ዳገት ሲጀምር የሚያለከልክ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ጭነት ሲመጣበት ከ10.5 ቮልት በታች ወርዶ ዩፒኤሱን የሚያስጠፋ ባትሪ አለ። የሚለካው አምፖል ተሰክቶ ነው።

ባትሪ ሲቀይሩ ቮልቱና መጠኑ አንድ ይሁን፤ ሁለት ባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስ ከሆነ ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ። ያበጠ ወይም የሚሸት ባትሪ ካዩ ዩፒኤሱን መጠቀም ያቁሙ። የመኪና ባትሪ ከውጭ መቀጠል የሚመክርዎ ካለ አይስሙት። የትንሽ ዩፒኤስ ቻርጀር ያን ለመሙላት፣ ትራንስፎርመሩም ለሰዓታት ለመሥራት አልተዘጋጁም፤ ባትሪው ሲሞላ የሚያወጣው ጋዝም ቤት ውስጥ አደገኛ ነው።

6. ዩፒኤሱ የሚሰጠው ምን ዓይነት ሞገድ ነው?

በቁጥር 1 ላይ “ዩፒኤሱ በርቶ ሲፒዩው ብቻ ጠፋ” ያልነው እዚህ ይፈታል። ከመስመር የሚመጣው ኤሌክትሪክ ለስላሳ ሞገድ ነው። ርካሽ ዩፒኤስ ባትሪ ላይ ሲሆን የሚሰጠው ደረጃ ደረጃ የተሠራ ሞገድ ነው፤ በየመሐሉ ዜሮ ላይ ቆም ይላል። ጥሩ የሚባሉት ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ደግሞ አክቲቭ ፒኤፍሲ የተባለ፣ የሚስቡትን ከሞገዱ ጋር የሚያስማማ ክፍል አላቸው። ይህ ክፍል የተቆራረጠ ሞገድ ሲያገኝ ይደናገራል፤ አንዳንዱ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ድንገት ብዙ ስቦ ዩፒኤሱን ያስደነግጣል። ሁሉም ግን እንዲህ አያደርጉም፤ ለዚህ ነው የጓደኛዎ የሚሠራው የእርስዎ ላይ የማይሠራው።

የመቀያየሪያው ጊዜም አለ። መስመር ተቋርጦ ባትሪው እስኪረከብ ተራ ዩፒኤስ ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ ፓወር ሰፕላይ በውስጡ ባጠራቀመው የሚታገሠው 16 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። ያረጀ ወይም እስከ ጣሪያው የተጫነ ፓወር ሰፕላይ ትዕግሥቱ ያጥራል። ለሶላር ተብለው የሚሸጡ ኢንቨርተሮችና ፓወር ስቴሽኖች ደግሞ 20 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚወስዱ አሉ፤ ለፍሪጅ ምንም አይደለም፤ ለዚህ ኮምፒውተር ግን ረዝሟል። “ዩፒኤስ ሞድ” የሚል ምርጫ ያለው ከሆነ ያንን ያብሩ።

7. መስመሩስ ምን ዓይነት ነው?

“መብራት እያለ ዩፒኤሱ ይጮኻል” ከሆነ ነገሩ የቮልቴጅ ነው። 220 መሆን የሚገባው መስመር ማታ ማታ በጣም ሲወርድ ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ ይዞራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በዚያው መስመር ላይ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ፣ ዩፒኤሱ “ቀጭ” ሲሉ ያያሉ፤ ይሰማሉ። ይህ በቀን ደጋግሞ ከሆነ፣ እውነተኛው መቋረጥ ሲመጣ ባትሪው ቀድሞ ተራግፏል። ባዶ ባትሪ እስኪሞላ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈልጋል።

መፍትሔው ቮልቴጅን ያለ ባትሪ የሚያስተካክል ኤቪአር ያለው ዩፒኤስ መምረጥና የሚቀበለውን የቮልቴጅ ክልል ማየት ነው። ጄኔሬተር ተነሥቶም ዩፒኤሱ ባትሪ ላይ ከቀረ፣ የጄኔሬተሩ ቮልቴጅ ወይም ፍሪኩዌንሲ ስለሚዋዥቅ አልተቀበለውም። የንቃት ቅንብር ያለው ከሆነ ዝቅ ያድርጉት።

ውሳኔው

አምፖሉንም መያዝ ካቃተው፣ ወይም ጭነቱ ልክ ሆኖ ደቂቃው ካጠረ፦ ባትሪ ይቀይሩ።

ሬንደር ላይ ብቻ ከጠፋና ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ፦ ትርፍ ዕቃውን ይንቀሉ፣ የዋት ጣሪያውን ዝቅ ያድርጉ።

ጭነቱ ቀንሶም ከዩፒኤሱ ዋት ሦስት አራተኛ ካለፈ፦ ተለቅ ያለ መግዛት አሁን ትክክል ነው።

ባትሪው ደህና፣ ጭነቱም ልክ ሆኖ ሲፒዩው ብቻ ከጠፋ፦ በዋት ትልቅ የሆነ ሳይሆን ፒዩር ሳይን ዌቭ የሆነ ይግዙ። መስመርዎ እጅግ የሚዋዥቅ ከሆነ፣ የመቀያየሪያ ጊዜ የሌለውን ኦንላይን ዩፒኤስ ያስቡበት፤ ዋጋውም የፋኑም ድምፅ ከፍ ያለ ነው።

ሱቅ ሲገቡ አራት ነገር ይጠይቁ፦ በዋት ስንት ነው? ባትሪ ላይ ሞገዱ ምን ዓይነት ነው? ስንት ባትሪ ይይዛል፣ መቀየሪያውስ ይገኛል? የተመረተው መቼ ነው? የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሊድ አሲድ ባትሪ መደርደሪያ ላይም ይራገፋል፤ በየስድስት ወሩ ካልተሞላ ከካርቶኑ ሳይወጣ ይዳከማል። ገዝተው ሲገቡም ሙሉ ሌሊት ሳይሞሉ አይሞክሩት።

የሚጠብቁትንም ከአሁኑ ይወስኑ። ዩፒኤስ የሚገዛው ሬንደሩን ለማስጨረስ አይደለም፤ ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት ነው። አምስት ደቂቃ ሳይንገዳገድ ከያዘልዎ ሥራውን ሠርቷል። ሰዓታት ከፈለጉ ግን ጥያቄው የኢንቨርተርና የትልቅ ባትሪ ስለሆነ በጀቱም ስሌቱም ሌላ ነው።