ገጹ የሚቆጥረው ሰው ነው ወይስ ክፍያ? በጃንጎ ተዛማጅ መዝገቦችን ስለ ማቧደንና በገጽ ስለ መከፋፈል

ባለፈው ዓመት የማኅበራችን የመዋጮ መዝገብ ከኤክሴል ወጥቶ ድረ ገጽ ላይ ይሁን ተባለና ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። የዳታቤዝ ኮርስ ገና መጨረሴ ስለነበር የአንድ ቅዳሜና እሁድ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ሠንጠረዦቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የአባላት፣ ሌላው የክፍያ። እያንዳንዱ ክፍያ በፎሬን ኪ ከአንድ አባል ጋር ይያያዛል፣ አንድ አባል ደግሞ ብዙ ክፍያ ይኖረዋል። ጃንጎ ለዚህ የተመቸ ስለሆነ ቶሎ ጨርሼ አስረከብኩ።

ከአንድ ወር በኋላ ከብዙ ዓመት በፊት ከኮሌጃችን የተመረቁ አንዲት እናት ደወሉልኝ። በየወሩ 10 ዶላር፣ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጡ ከፍለዋል። ገንዘብ ያዣችን ግን «50 ዶላር ይቀርብዎታል» ብሎ ጽፎላቸዋል። «ልጄ፣ ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ ነው የምልከው፤ ደረሰኙ አሥራ ሁለቱም እጄ ላይ አለ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ገንዘብ ያዡን ስጠይቀው ገጹን ከፍቶ አሳየኝ። በስማቸው ሥር 70 ዶላር ይላል።

የሠራሁት እንዲህ ነበር። ክፍያዎቹን በሙሉ በአባል ስም ደርድሬ ለፓጂኔተር ሰጠሁት፤ በገጽ 20 ረድፍ እንዲያወጣ። ከዚያ ቴምፕሌቱ ውስጥ ሪግሩፕ በሚባለው ታግ በአባል ቧደንኳቸውና በየቡድኑ ሥር ያሉትን ክፍያዎች ደመርኩ። በአምስት የሙከራ አባላት ስሞክረው ምንም እንከን አልነበረውም፤ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ገብተው ነበራ። ፓጂኔተር ግን የሚቆጥረው የሰጡትን ነገር ነው፤ እኔ ክፍያ ሰጠሁት፣ እሱም ክፍያ ቆጠረ። የእሳቸው ክፍያ ከ14ኛው ረድፍ ጀመረ። ሰባቱ አንደኛው ገጽ ላይ ቀሩ፣ አምስቱ ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ። ሪግሩፕ ደግሞ የሚያየው ገጹ ላይ ያሉትን 20 ረድፎች ብቻ ስለሆነ አንደኛው ገጽ ላይ 70፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስማቸውን ደግሞ 50 ጻፈ። ገንዘብ ያዡ የመጀመሪያውን አይቶ ከ120 ቀነሰ።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ኩዌሪው ከክፍያ ሳይሆን ከአባል ይጀምር፤ ፓጂኔተር 20 አባል ይቁጠር፤ ክፍያዎቹ ከባለቤታቸው ጋር ይምጡ። እዚህ ላይ ፕሪፌች ሪሌትድ ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ ቴምፕሌቱ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ተጨማሪ ኩዌሪ ይልካል፤ ለአንድ ገጽ 20 ማለት ነው። እሱ ካለ የሃያዎቹም ክፍያ በአንድ ኩዌሪ ይመጣል፤ ከአባላቱ ኩዌሪና ከፓጂኔተሩ ቆጠራ ጋር በድምሩ ሦስት። ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ፤ ክፍያዎቹን በፕሪፌች ካመጣችሁ በኋላ ሎፑ ውስጥ እንደገና ፊልተር ብትጠሩ ጃንጎ ያመጣውን ትቶ ዳታቤዙን እንደ አዲስ ይጠይቃል።

ድምሩንም ከቴምፕሌቱ አውጥቼ ለዳታቤዙ ሰጠሁት፤ በአኖቴትና በሰም። ምንም ያልከፈለ አባል ድምሩ ዜሮ ሳይሆን ባዶ ሆኖ ስለሚመጣ ኮአለስ ጨመርኩበት። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን የተገኙባቸውን ስብሰባዎችም ልቁጠር ብዬ እዚያው አኖቴት ላይ ሌላ ሠንጠረዥ ጨመርኩ። እኚያ እናት 12 ክፍያና 3 ስብሰባ አላቸው። ጆይኑ እያንዳንዱን ክፍያ ከእያንዳንዱ ስብሰባ ጋር ሲያጣምር 36 ረድፍ ሆነ፤ ባለዕዳ የተባሉት ሴትዮ በአንድ ሌሊት 360 ዶላር ከፋይ ሆኑ! ዲስቲንክት ብጨምርስ ብዬ ሞከርኩ። ለቆጠራው ይሠራል። ለድምሩ ግን ከነአካቴው ያበላሻል፤ ሁሉም ክፍያ 10 ዶላር ስለሆነ አንዱን ብቻ ቆጥሮ 10 አለኝ። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ስሌት በየራሱ ሰብኩዌሪ መሥራት ነው።

የቀረው የስማችን ጉዳይ ነው። የቤተሰብ ስም ስለሌለን በራስና በአባት ስም አንድ የሆኑ ሰዎች አይጠፉም፤ በእኛ ማኅበር እንኳ ሁለት ጥንድ አለ። በስም ከቧደናችሁ ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ስለዚህ ማቧደን በአይዲ ነው። በስም ብቻ ከደረደራችሁም እኩል የሆኑትን ዳታቤዙ በየጊዜው በፈለገው ቅደም ተከተል ሊሰጣችሁ ይችላል፤ አንዱ ሁለት ገጽ ላይ ይታያል፣ ሌላው የትም አይታይም። ኦርደር ባይ ላይ ከስሙ ቀጥሎ አይዲውን መጨመር ይበቃል። በፊደላችን የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ በፊደል ኮድ ሲደረደር «ሀይሉ» መጀመሪያ ላይ፣ «ኃይሉ» ከ«ቸ» በኋላ እንደሚመጡ አትርሱ። እኔ የፍለጋ ሳጥን ጨምሬ አልፌዋለሁ።

አሁን አንድ ቴስት አለኝ። ያንኑ ዝርዝር አንዴ በገጽ 20፣ አንዴ በገጽ 3 አባል ከፍሎ የሁሉንም ገጾች ድምር ዳታቤዙ ከሚሰጠው አጠቃላይ ድምር ጋር ያስተያያል። የመጀመሪያው ኮዴ ይህንንም ያልፍ ነበር፤ 70 እና 50 ሲደመሩ 120 ናቸውና። ስለዚህ አንድ አባል ከአንድ ገጽ በላይ እንዳይታይ የሚያረጋግጥ መስመር ጨመርኩበት።

ለእኚያ እናት ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ከገንዘብ ያዡ ጋር ቁጭ ብለን በየገጹ ድንበር ላይ የወደቁትን ሁሉ ፈለግን። ሌሎች ሦስት ሰዎች አገኘን። አንደኛው ምንም ሳይጠይቅ ቀረብህ የተባለውን 30 ዶላር በድጋሚ ከፍሎ ነበር፤ በዚያው ሳምንት መለስንለት።