ጥጥ ወይስ ማይክሮፋይበር? የወለል መወልወያ አመራረጥ

ከአላሜዳ ደሴት ማዶ፣ በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ማታ ሲዘጉ የቀረው ሥራ ወለል መወልወል ነው። በአካባቢው በሆስፒታል፣ በሆቴልና በቢሮ ጽዳት ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወገኖቻችንም አሉ። ለእነርሱ የመወልወያው ጨርቅ ዓይነት የወገብና የሳንባ ጤና ጉዳይ ነው።

የጥጥ መወልወያ ብዙ ውሃ ይመጥጣል፤ የፈሰሰን ነገር ለማንሳት እጅግ ይመቻል። ነገር ግን በመጠጠው ልክ ይከብዳል፣ ለመድረቅ ይዘገያል፣ እርጥብ ሆኖ ካደረም ተሕዋስያን ይራቡበታል። ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ጉድለትም አለው። በሆስፒታሎች የተለመዱት ኳተርነሪ አሞኒየም የተባሉት ፀረ ተሕዋስያን አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ከጥጡ ክር ጋር ይጣበቃሉ። ሠራተኛው በትክክለኛው መጠን ቢበጠብጥም፣ ወለሉ ላይ የሚደርሰው የሳሳ ነው።

ማይክሮፋይበር ከፖሊስተርና ከፖሊአማይድ የሚሠራ፣ ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ክር ነው። ክሩ የተሰነጣጠቀ በመሆኑ አቧራና እድፍ በስንጥቆቹ መካከል ተይዞ ይቀራል፤ ጥቂት እርጥበትም ይበቃዋል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በሳክራሜንቶ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሕክምና ማዕከል ነው። ማዕከሉ በ1999 ማይክሮፋይበርን መሞከር ጀመረ፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ውጤቱን በ2002 አሳተመ። ቀድሞ በየሁለትና ሦስት ክፍሉ የባልዲው ውሃና ኬሚካል ይደፋ ነበር። በአዲሱ አሠራር ለእያንዳንዱ ክፍል ንጹሕ ጨርቅ ይወጣል፤ ያገለገለው ተመልሶ ባልዲ ውስጥ አይነከርም። በዚህም የውሃና የኬሚካል ፍጆታው በእጅጉ ቀነሰ፤ ከባድ ባልዲ ማንሳትና መጭመቅም ቀረ።

ሆኖም ማይክሮፋይበር ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ቅባት የበዛበት የማዕድ ቤት ወለል ቀጫጭን ክሮቹን ይደፍናቸዋል፤ ብዙ ውሃ ለተኛበት መታጠቢያ ቤትም ጥጡ ይሻላል። ለምግብ ቤት ባለቤት እንግዲህ ሁለቱንም መያዝ ነው፦ ጥጡን ለማዕድ ቤቱ፣ ማይክሮፋይበሩን ለእንግዳ መቀበያው። ለጣውላ ወለልም ውሃ ጣውላን ስለሚያሳብጥ በደንብ የተጨመቀ ማይክሮፋይበር ይመረጣል።

አጠባው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በረኪና፣ የልብስ ማለስለሻና ከፍተኛ ሙቀት ማይክሮፋይበርን ያበላሻሉ። ከጥጥ ጋር ከታጠበ ደግሞ ብናኙን ይሰበስባል። በረኪናን አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ግን ከጨርቅ በላይ ሰውን ይጎዳል፤ የሚወጣው ክሎራሚን የተባለ ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል።